ሰባት ብዬ የጻፍኩት

ሱሉልታ፣ ጥር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወዳጄ ካሳሁን፣

በጡረታዬ የያዝኩት የሱሉልታ ታሪክ ተገባዷል፤ ወንዙንና አቀማመጡን ጽፌያለሁ፣ የቀረኝ የሕዝቡን ቁጥር ማረም ነበር። አምና ወይዘሮ ዳዲ ቤት ሰባት ልጆች ቆጥሬያለሁ። ዛሬ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ «የኔታ፣ ሰው አይቆጠርም ብዬዎት ነበር። ሰባት ብለው ጻፉ፤ ሁለቱን በኩፍኝ ቀበርኩ» አለችኝ። እጄ ግን እንደ ልማዱ ሰባቱን ሰርዞ አምስት ጻፈ። «ደግሞ ጀመሩ?» ብላ በሩን ዘጋችው። በእኛም በደብረ ብርሃን ያልቃል ተብሎ ከብት እንኳ አይቆጠርም፤ ይህን እያወቅሁ ነው የቆጠርኩት። ደብተሩን ከእንግዲህ አልገልጠውም።

የፖስታ ካርዱ ጠበበኝ፤ ለየሺወርቅና ለልጆቻችሁ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስትመልስልኝ ስንት እንደሆኑ አትጻፍልኝ።

ወዳጅህ ንጋቱ