ባለቤቴን በጠርሙስ ለመቱት ለሞንታርቮ ከንቲባ

ለክቡር ሙሴ ፉልዣንስ ባርዱ፣
የሞንታርቮ ከተማ ከንቲባ፣ የወይን ሙዚየሙ የበላይ ጠባቂ፣ የወይን ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ቡርጎኝ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የወይን እርሻዎ፣ እንዲሁም ያ ጉልበተኛ ቀኝ እጅዎ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሌዮንስ ሻስታኔም፣ ማጅራቱ ላይ ያሉት አሥራ አራት የስፌት ምልክቶች በፀጉር እየተሸፈኑለት ስለሆነ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ክቡርነትዎ ከሕዝብ ጋር ካልሆነ ብቻዎን ማንበብ አይሆንልዎት ይሆናል ብዬ በማሰብ ነው።

እኛ የሊል ከተማ ሰዎች ነን። ሌዮንስ ሠላሳ አራት ዓመት በሆስፒታል ወጥ ቤት ለበሽተኞች ሲያበስል ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ጡረታ በወጣ ማግስትም ለዓመታት ቃል የገባልኝን ዕረፍት ሰጠኝ፤ ዐሥር ቀን በቡርጎኝ፣ መብላት፣ መጠጣት፣ ሙዚየም ማየት። ሰባቱ ቀን እንዴት ያለ ነበር! ዲዦን ሙዚየም ውስጥ በመሳፍንቱ መቃብር ዙሪያ የተቀረጹትን ትንንሽ አልቃሾች እየዞረ ሲያይ ቆይቶ፣ «ሲዶኒ፣ ይሄኛው እኮ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያለቅሰው» እያለ እንደ ልጅ ያስቀኝ ነበር። ገበያ ስንገባ አይብ ከመግዛቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ያሸትታል፤ ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ያዩታል። ባለቤቴ በአፍንጫው የሚኖር ሰው ነበር። በስምንተኛው ቀን ወደ ከተማዎ መጣን፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ። እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ማዳም ኢርማ ምግብ ቤት ውስጥ ሾርባችንን ልንጨርስ ስንል፣ ክቡርነትዎ የማኅበሩን ቀይ ካባ እንደለበሱ፣ የብር የወይን መቅመሻ ጽዋውን አንገትዎ ላይ እንዳንጠለጠሉ ከገበታ ገበታ እየዞሩ ወደ እኛ ደረሱ። «ቅመሱት እንጂ ሙሴ! አባቴ በሞቱበት ዓመት የተጨመቀ ነው፤ ለማንም አልቀዳውም» ብለው ለባለቤቴ ሞልተው ቀዱለት። ሌዮንስ አሸተተው፣ ቀመሰው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያም «ሾርባ የተፈጠረው ለእንዲህ ያለ ወይን ነው!» ብሎ ሳህኑ ላይ በቀረችው ሾርባ ውስጥ ገለበጠው፣ አዟዟረው፣ በሁለት እጁ አንስቶ ጨለጠው።

ባለቤቴ ሊል ይኑር እንጂ ተወልዶ ያደገው በደቡብ ምዕራብ፣ በፔሪጎር ገጠር ነው። በዚያ አገር ሰው በሾርባው ትራፊ ላይ ቀይ ወይን ጨምሮ ይጠጣል፤ አባቱም አያቱም እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ወይኑ መጥፎ ሲሆን ግን አያደርጉትም፣ ሾርባውን ላለማበላሸት። እርስዎ ግን ይህን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረዎትም። «አንተ አሳማ! የአባቴን ወይን ከእጣቢ ጋር?» አሉ። ሌዮንስ ገና ከጢሙ ላይ ሾርባ እየተንጠባጠበ፣ «ኧረ ሙሴ፣ እኛ አገር እኮ ይሄ ምስጋና ነው... ሲዶኒ፣ ንገሪያቸው እስቲ» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የዚያን ጊዜ ነው የጠርሙሱን አንገት ይዘው የባለቤቴ ማጅራት ላይ ያሳረፉት።

ጠርሙሱ አልተሰበረም፤ ለመስታወት ሠሪዎቻችሁ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ስላልተሰበረም ደገሙት። በሁለተኛው የባለቤቴ ግንባር ከጠረጴዛው ጋር ተላትሞ ሳህኑ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ቀላ። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ሲዘረር ደግሞ ካባዎ እንዳይቆሽሽ በግራ እጅዎ ሰብሰብ አድርገው፣ ንጽሕና ወዳድነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም፣ ጎኑን ሦስት ጊዜ ረገጡት። በሦስተኛው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ካሮት በከተፍኩ ቁጥር እሰማዋለሁ። ማዳም ኢርማ «ፉልዣንስ፣ በቃህ! ሰውየው ሞተ እኮ! ደግሞ በእኔ ቤት!» ብላ ስትጮህ፣ ከኋላዬ ያለች ሴትዮ ለባሏ «ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ስትለውም ሰምቻለሁ። ቤቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው ነበር። ሁሉም መራጮችዎ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽሑፍ ችሎታችሁ። የከተማውና የሙዚየሙ ጥበቃ የሆነው የእህትዎ ልጅ ባፕቲስት በጻፈው፣ እርስዎም ማኅተም ባሳረፉበት ወረቀት ላይ፣ «ጎብኚው እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ በመጠጥ ኃይል ሚዛኑን ስቶ ከወይን ሙዚየሙ ደረጃ ላይ ወድቋል፤ ሊያድኑት የሞከሩት ክቡር ከንቲባም አብረው በመውደቃቸው አፋቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸዋል» ይላል። እንዴት ያለ ግሩም ፈረንሳይኛ ነው! ችግሩ ሙዚየማችሁ ለምሳ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ዝግ መሆኑ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ነው። እኛም ጠዋት ደርሰን መጭመቂያዎቹን ካየን በኋላ፣ ልክ በስድስት ሰዓት ያስወጣን ራሱ ባፕቲስት ነው፤ «ኑ ውጡ፣ ምሳዬ ይጠብቀኛል» እያለ። በፈረንሳይ ምድር በምሳ ሰዓት ክፍት በሆነ ሙዚየም ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው ቢኖር ባለቤቴ የመጀመሪያው ነው።

የሚቀጥለው ቁጥር ስንት እንደሆነ ንዴቴ አስረስቶኛል፤ ብቻ ይህኛው ከሁሉ ይብሳል። ሌዮንስ ምንም አያስታውስም። የመጨረሻ ትዝታው የሾርባው ሙቀት ነው። ስለዚህ ወረቀታችሁን አነበበና አመነው። እውነቱን ስነግረው እጄን ይዞ «አንቺ ስለምትወጂኝ ነው እንጂ፣ የመንግሥት ማኅተም ይዋሻል እንዴ?» ይለኛል። በየጠዋቱ ዕረፍታችንን በስካሩ ስላበላሸብኝ ይቅርታ ይጠይቀኛል። በየሐሙሱ ካርታ ከሚጫወቱት ወዳጆቹ ዘንድ መሄዱን አፍሮ ተወ። ይባስ ብሎ ደብቆኝ ለእርስዎ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሊያድኑት ሲሉ ስለተጎዱ። እርስዎም ያንን ደብዳቤ አነበቡት። ማንበብ ብቻ አይደለም፣ ማዳም ኢርማ በስልክ እንደነገረችኝ፣ በመስታወት አስገብተው ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ላይ ሰቀሉት። አንድን ሰው በጠርሙስ ፈንክቶ ይቅርታ ማስጠየቅ ለሁሉም የሚሰጥ ተሰጥኦ አይደለም።

የላኩልንን ስድስት ጠርሙስም ተቀብለናል፣ «ወድቄያለሁ» ብሎ እንዲፈርም ከተያያዘው ወረቀት ጋር። ሌዮንስ አንዱን ከፍቶ ብርጭቆው ውስጥ አፍንጫውን ከተተ። ቆየ። «ሲዶኒ፣ ተበላሽቷል እንዴ? ምንም አይሸትም።» ወጥ ቤቱ ግን በወይኑ ሽታ ተሞልቶ ነበር። ሰናፍጩን አሸተተ፣ ኮምጣጤውን አሸተተ፣ በረኪናውን አሸተተ። በመጨረሻ መጥቶ አንገቴን አሸተተ፤ አርባ አንድ ዓመት ያሸተተውን አንገት። ከዚያ ተቀመጠና አለቀሰ። ሐኪሙ ማጅራት ላይ የሚያርፍ ምት የማሽተት ነርቭን እንደሚበጥስ፣ በዓመት ውስጥ ካልተመለሰም እንደማይመለስ ነግሮናል። ባለፈው ሳምንት ወተት አሮ ጭሱ ኮሪደሩን ሲሞላው፣ እሱ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። ክቡር ከንቲባ ሆይ፣ እጠላዎታለሁ። ለዚህ የሚሆን የአክብሮት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አሁን በሦስቱ ደብዳቤዎቼ ውስጥ በትሕትና ወዳለፍኩት ነገር ልምጣ። አፍዎን ደረጃ እንዳልመታዎት ሁለታችንም እናውቃለን። በሦስተኛው ርግጫ ላይ ሳሉ፣ ከጎረቤታችን ጠረጴዛ ላይ በወይን የተሠራውን አውራ ዶሮ ከነብረት ድስቱ በሁለት እጄ አንስቼ አፍዎ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ወጡ በካባዎ ላይ ፈሰሰ። በጉልበትዎ ተንበርክከው ሊነሱ ሲሉም ደገምኩዎት። ሸረሪት እንኳ በወረቀት ይዤ ወደ ውጭ የማወጣ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ያን ቀን፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ድስቱ ሲያርፍ ክንዴ ድረስ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር። ማዳም ኢርማ እጄን ባትይዘኝ ሦስተኛውንም አልነፍግዎትም ነበር። ክስ ያልመሠረቱብኝ ከደግነት እንዳይመስልዎ፤ ምርጫው መጋቢት ላይ ስለሆነና በአሮጊት ድስት የተዘረረ ከንቲባ ማን እንደሚመርጥ ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ እኔው ራሴን ከስሻለሁ። ሰኞ ጠዋት ሊል በሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቤ ሰው በብረት ድስት ሁለት ጊዜ መምታቴን አምኜ ፈርሜያለሁ። መርማሪው ወጣት መጀመሪያ ሳቀ፤ ሁለተኛውን ገጽ ሲያነብ ግን ሳቁን ተወ። ሰው የመታች ሴት መቼ፣ የት፣ ስለ ምን እንደመታች ትጠየቃለች፤ የተመታውም ይጠራል፣ ሃያ ሁለቱም እየማሉ ይናገራሉ። እስር ቢፈረድብኝ እታሰራለሁ። ያን ቀን ግን ሌዮንስ ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እርስዎም ማኅተምዎን ሳይዙ ቆመው፣ ማን እንደመታዎትና ያን ጊዜ እግርዎ የማን ጎን ላይ እንደነበረ ይነግሩታል። ከእኔ አያምንም። ከእርስዎ ያምናል።

እስከዚያው ድረስ፣ ክቡር ከንቲባ ሆይ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን ከፍተኛ ግምት፣ በአካል ተገናኝተን ዳግም ለመግለጽ ከሚያቃጥለኝ ናፍቆት ጋር ይቀበሉኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ታማኝ አገልጋይዎ፣
ሲዶኒ ሻስታኔ፣ ተከሳሽ
ሊል

ማስታወሻ፦ ጠበቃዎ ይህን ሁሉ የአሮጊት ቅዠት ነው ሊል ቢያስብ፣ ከሆስፒታል ስንመለስ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የላይኛው የፊት ጥርስ፣ ከነወርቅ ክዳኑ፣ አግኝቼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። የእርስዎ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ አይቸገሩም፤ ችሎት ፊት ፈገግ ማለት ብቻ ነው።