ፋቂው ታከለ በሉት

ይድረስ ለአካሌ ለታከለ፤

ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ገና መጣ። በሕይወት ሳለህ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከሙት ዓመትህ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ልጽፍልህ በቃሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ልጅህ ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበሰው። ቆዳ የምትዘፈዝፍበትን ጉድጓድ ደፍነን ጎመን ተክለንበታል። እኔ ግን እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ቂሜ አልለቀቀኝም።

እንዴት ይልቀቀኝ? ብቸናችን ለገና ጨዋታ የሚመታትን ኳስ፣ ሩሯን፣ ከቆዳ የምትሰፋው አንተ፣ ሜዳ የማትገባው አንተ። ቆዳ ፋቂ ከጨዋ ልጅ ጋር አይጋፋም እያሉ ወስፌህን አስይዘው ዳር ያስቀምጡሃል፤ ሩሯ ከተተረተረች እንድትጠግን። አንተና ሸማኔዎቹ በማግስቱ ወንዝ ዳር ለብቻችሁ ትጫወታላችሁ። እነዚያው ሰዎች ታዲያ ጉብታው ላይ ቁጭ ብለው ያዩሃል። እንዳንተ የሚመታ እንደሌለ ጠፍቷቸው አልነበረም።

ሞጣዎች ሊገጥሙን በጭነት መኪና የመጡ ዕለት ትዝ ይልሃል? ብቸና እየተሸነፈ ሳለ ሩሯ ተተረተረች። ገብተህ ሰፋሃትና እንደ ደንቡ ስፌቷን ለመፈተን አንዴ መታሃት። ሜዳውን ሙሉ አቋርጣ ሄደች። የሞጣው አለቃ ሳቀባቸው። «እናንተ ብቸናዎች፣ ይህን ሰው ዳር አስቀምጣችሁ ነው የምትሸነፉት?»

ዳር ቆሜ ነበርና ወስፌህን እጄ ላይ አስቀምጠህ የገና ዱላ አነሳህ። ከልካይም አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቸና አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ጉልበትህ እስኪደክም ድረስ ያላንተ ጨዋታ አልተጀመረም። ያን ዕለት ግን በትከሻቸው ተሸክመውህ ሲያበቁ ጠላውን ለፋቂ በተለየ ቅል ሰጡህ። አንተ ጠጥተህ ረሳኸው፤ እኔ አልረሳሁም።

ዘንድሮ ሜዳውን በስምህ ሰየሙት፣ አካሌ። እኔንም ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። አንድ መምህር ታሪክህን ሲያነብ ዝነኛው ጀግናችን አለህ፤ ለምን ዳር ትቀመጥ እንደነበር ግን ዘለለው። ተነሣሁ።

«ፋቂው ታከለ በሉት» አልኩ። «የከለከላችሁት በዚያ ስም ነው፤ በዚያው አክብሩት።»

ያ የሞጣው አለቃ አርጅቶ በምርኩዝ መጥቶ ኖሮ፣ ከሕዝቡ መሀል ምርኩዙን አነሣና ፋቂው ታከለ ብሎ ጮኸ። አብረውት የመጡት ሞጣዎች ተቀበሉት፤ ብቸናም ተከተለ። ስትሰደብበት የኖርክበት ስም ሲጨበጨብለት በጆሮዬ ሰማሁ።

ዱላህ ላይ ስምህን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ ሙሉውን። እግሬ እስከቻለ በየገናው ይዤው እወጣለሁ። ፋቂው የሚለውን የሚዘል ካለ አስነብበዋለሁ።

ሚስትህ