ግድግዳው ጨው ጨው ይላል

አብሮ አደጌ፣ እንዴት ከርመሃል? ከልጅ ልጆቻችን ጋር ልናርፍባት ያሰብናትን የባሕር ዳርቻ ቤት ቀድሜ መጥቼ ማየቴ በጀን። አከራይዋ ምላሷ ማር ነው፤ እኔ ግን አርባ ዓመት ግንብ የሠራሁ ሰው ነኝ። የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። «ለውበት ነው አባባ» አለችኝ። በጥፍሬ ፍቄ ቀመስኩት፤ ጨው! የእኛ ቤት ቢያፈስ በጣሪያ ነው፤ እዚህ ባሕሩ ራሱ በበር ይገባል።

ይህን ፖስት ካርድ የምትጽፍልኝ የአከራይዋ ልጅ ናት። «ይሄንንም ልጻፈው?» ስትለኝ «አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ!» አልኳት። «እናትሽስ የት ነው የምታድረው?» ብላት፣ አቀርቅራ «ኮረብታው ላይ» አለች። እኔም እዚያው ላይ ቤት እስካገኝ ልጆቹን ይዘህ እንዳትነሳ። ሁሉንም ሳምልኝ። ካርዱ ሞላ ትለኛለች፤ እሱንም ተጠራጥሬያለሁ።