«ባዶ ነው» በተባለው ቤት ስላለችው እናቴ

ለክቡር የአካባቢያችን ፖሊስ አዛዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? እርስዎንም፣ ገመድ ዘርግተው የቆሙትን ፖሊሶችዎንም ክፉ ነፋስ አይንካችሁ። እኔ ከገመድዎ ወዲህ የቆምኩት ልብስ ሰፊ፣ ወዲያ ማለፍ ከመከልከሌ በስተቀር ደህና ነኝ። አቤቱታ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቅርብ ስለተባልኩ፣ ይኸው እዚሁ እንደቆምኩ በስልኬ እጽፋለሁ፤ የሰፈሩም ሰው እንዲያነበው በግልጽ አድርጌዋለሁ።

ሕንፃችን ሥር ካለው ዳቦ ቤት ጋዝ እያፈተለከ መሆኑን ሰምታችሁ ፈጥናችሁ ስለደረሳችሁ፣ መንገዱንም ስለዘጋችሁ፣ ነዋሪውንም ስላስወጣችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እናቴን ግን አላወጣችኋትም። አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። እንግዲህ ቅሬታዬን በትዕግሥት ይስሙኝ፦

1ኛ. ፖሊሶችዎ በየበሩ እያንኳኩ፣ መልስ ያጡበትን ቤት በጠመኔ «ባዶ ነው» ብለው ጽፈውበታል። አሠራሩ ግሩም ነው፤ ምን ይወጣለታል! እናቴ ግን ጆሮዋ አይሰማም፤ እኔም ከሥራ አልተመለስኩም ነበር። የበሩ ደወል ሲነካ ሳሎን ውስጥ ያለው አምፖል ቦግ እልም እንዲል አስደርጌላት ነበር። እናንተ ደግሞ ለጥንቃቄ ብላችሁ መጀመሪያ መብራቱን ቆረጣችሁ፣ ከዚያ በሩን አንኳኳችሁ።

2ኛ. ይህንኑ ለገመድ ጠባቂው ብነግራቸው፣ እህቴ፣ ሕንፃው ተፈትሾ አልቋል አሉኝ። እንግዲያው እኔ ልግባ ብላቸው፣ የሚገባው ነዋሪ ብቻ ነው፣ ነዋሪው ደግሞ በሙሉ ወጥቷል፣ ስለዚህ የሚገባ ሰው የለም ብለው አስረዱኝ። እንዲህ ያለ ሕግ አዋቂ ገመድ ሲጠብቅ መዋሉ ያሳዝናል፤ ምነው ዳኛ ቢያደርጉልን!

3ኛ. ጸጉር አስተካካዩ ጎረቤታችንና ባለቤታቸው አብረውኝ ቢጮኹ፣ አደጋ በደረሰበት ቦታ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው ተብለው ተበተኑ። ስለዚህ አሁን የምፈራው ብቻዬን ነው። ብቻን መፍራትን ስላልከለከሉን እግዜር ይስጥልኝ።

4ኛም ነበረኝ፤ ጊዜ ስለሌለ ትቼዋለሁ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር አዛዥ። የጋዙ ሽታ እኔ ካለሁበት ድረስ ይመጣል። እንዲህ በጨዋ ቃል የምጽፍልዎ ዝም ካልኩ ስለማብድ፣ ከጮህኩ ደግሞ ስለምባረር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት የሰሙ እንደሆነ፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት የተተረተ አይምሰልዎ። ብቻ እናቴን ያውጡልኝ፤ ከዚያ ሕንፃው ተፈትሾ አልቋል ያሉትን ሰው ይሸልሟቸው፣ እኔም መጥቼ አጨበጭባለሁ።

የገመድዎን ክብር ጠብቄ፣ አንዲት እርምጃ ሳላልፍ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣
የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ እናቴ በመስኮት ብቅ ብላለች። ባዶ በተባለ ቤት ውስጥ ሰው ሆኖ መታየት ደንብ መጣስ ከሆነ፣ በእሷ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እየመሸ ነው፤ መብራት የጠፋባት እንደ ወትሮው መስሏታል። ሻማ ይዛ፣ ክብሪቱን የት እንዳስቀመጥኩት በእጇ ምልክት ጠየቀችኝ። ሳልመልስላት ልትፈልግ ገባች።