ያላደረግኩት ውለታ

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን ሲይዝሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ስትውዪ ይነሳብሻል? ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ነው? ያቺ ጠጉራም ልጅሽ ጥርስ አወጣች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ሲመሽ እግሯ ያብጣል እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም። አጎታችን እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፤ ካጉረመረመ ደህና ነው ማለት ነው። ናፍቆትሽን ግን እንዲህ ነው ብዬ ልጽፈው አልችልም።

ባለፈው ስትደውዪ "ጎበዝ፣ ጓደኛሽን ከጥፋት አዳንሻት አሉ፤ ኮራሁብሽ" አልሽኝ። እማዬ አጠገቤ ቆማ ፈገግ ብላ ታየኝ ስለነበር እሺ ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። እታለም፣ እኔ ማንንም አላዳንኩም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

ሚጢጢን ታውቂያታለሽ፤ የከባድ መኪና ሾፌሩ ልጅ፣ ቁመት አልጨምር ያላት። ዳኛን ግን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ሰፈራችን የገባችው። ሦስታችን አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እማዬ ፀጉር ቤት እንመጣና ፎጣ እያጠፍን እናወራለን። ዳኛ ያልናት በሰው ፍቅር ላይ ስለምትፈርድ ነው። ማን ለማን እንደሚሆን፣ ማን ማንን መተው እንዳለባት የምትወስነው እሷ ናት። አንዷን የክፍላችንን ልጅ "ጫማውን እየጎተተ ለሚሄድ ልጅ ልብሽን ትሰጫለሽ?" ብላ በአንድ ቀን አለያይታታለች። እኛም ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ነበር።

ሚጢጢ ግን ዳኛን ሳታስፈቅድ ወደደች። ልጁ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው፤ ረጅሙ እንለዋለን። ሲያወሩ እሱ ጎንበስ፣ እሷ ቀና ስለሚሉ ሁለቱንም አንገታቸውን ሳያማቸው አይቀርም እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ከትምህርት በኋላ በዳቦ ቤቱ በኩል ዞረው አብረው መሄድ ጀመሩ፤ ሚጢጢ ፀጉር ቤት መምጣቷ ቀረ። እኔንም ከፍቶኝ ነበር። ግን እቤቷ ስትገባ ትደውልልኝና አንድም ሳታስቀር ታወራኛለች። ለዳኛ አትደውልላትም። ዳኛ ፎጣ እያጠፈች በሩን በሩን ታያለች። አንድ ቀን ለረጅሙ "ሚጢጢ በጆሮህ ትስቃለች" ብላ ነገረችው። እሱ ሄዶ ለሚጢጢ ነገራት፤ ጭራሽ ሁለቱም ተሳሳቁበት። ይህን የሰማች ዕለት ዳኛ ፊቷ ተለዋወጠ።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ፣ እኔ የሰው ራስ እያጠብኩ፣ ዳኛ ስልኬን ለመነችኝ። የእሷ ባትሪ አልቋል፣ እናቷ ጋ ልትደውል ነው። እጄ አረፋ ስለሆነ ከኪሴ አውጪው አልኳት። ይዛው ወደ ጓሮ ወጣች፤ ትንሽ ቆይታ መለሰችልኝ። እኔም ከዚያ በላይ ልብ አላልኩም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሚጢጢ አባት መኪናቸውን በራችን ላይ አቁመው ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ያ ሁሉ ደንበኛ ቁጭ ባለበት፣ እማዬን "የተባረከች ልጅ ነው ያለሽ" አሏት። ወደ እኔ ዞረውም ስለደወልኩላቸው አመሰገኑኝ። እንደሳቸው አባባል፣ ሚጢጢና ረጅሙ ፈተና ሲያልቅ ተያይዘው ሊጠፉ መመካከራቸውን በሹክሹክታ ነግሬያቸዋለሁ። እየነዱ ስለነበር የሞተሩ ድምፅ እንደልብ አላሰማቸውም፤ ቁጥሬን ግን ያውቁታል። ስልኳን እንደቀሟት፣ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ቅዳሜ ሩቅ አገር ያለች አክስቷ ዘንድ እንደሚወስዷት ተናገሩ። ሴቶቹ በየተራ መረቁኝ። እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም እማዬን አይቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። በመስታወቱ ሳይ፣ ሚጢጢ ጋቢና ውስጥ ሆና በተከፈተው በር ታየኛለች። አላለቀሰችም። አየት አደረገችኝና የመኪናውን መስኮት ዘጋችው።

ስልኬን ከፍቼ ሳይ ቅዳሜ የተደወለው ለአባቷ ነው። በማግስቱ ዳኛን ትምህርት ቤት ከውሃ ቧንቧዎቹ ጀርባ ያዝኳት። አልካደችም።

"ይቆጧትና ወደ እኛ ትመለሳለች ብዬ ነው" አለችኝ። "ይወስዷታል ብዬ መች አሰብኩ?"

በእኔ ስልክ ለምን እንዳደረገችው ስጠይቃት "እኔን ማን ያምነኛል? አንቺን ግን ያምኑሻል" አለች። ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው አልኳት። አባቷ እንደሚገድላት ነገረችኝና ጥላኝ ሄደች።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልነግርሽም። ልጆቹ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ረጅሙ በር ላይ ጠብቆ "ምን አድርገንሽ ነው?" አለኝ፤ አይኑ ቀልቷል። ማታ ማታ እማዬ እኔን እያሞገሰች ለደንበኛ ስትተርክ እሰማለሁ። አንቺ ጋ የደወለችውም ያኔ ነው። ብናገር እማዬን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው፤ ዝም ብል ሚጢጢ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ለእማዬ ሳልነግር ወደ ሚጢጢ ቤት ሄድኩ። አባቷ የሞተሩን ዘይት እያዩ ነው፤ ሻንጣዋ ጋቢና ውስጥ ተጭኗል። ፈገግ ብለው ልትሰናበቻት መጣሽ አሉኝ።

"ጋሼ፣ የደወልኩት እኔ አይደለሁም" አልኳቸው። "የተባለውም ውሸት ነው።"

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ማን እንደደወለ ሲጠይቁኝ፣ የደወለችው ራሷ ትንገርዎ እንጂ እኔ አልናገርም አልኩ። ተቆጡ። ቀጥሎ የጠየቁኝ ግን ከቁጣው ይልቅ ጎዳኝ።

"ታዲያ ምስጋናዬን ለምን ተቀበልሽ?"

እማዬ ደስ ብሏት ስላየኋት ነው አልኩ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሚጢጢን ጠሯት። የጉዞ ልብሷን ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆመች። ልትጠፊ ነበር ወይ ብለው በቀጥታ ጠየቋት። ወደ እኔ እያየች ነው የመለሰችው።

"አልነበረም። ብጠፋ ኖሮ የምነግረው ለእሷ ብቻ ነበር" አለች። "ለዚህ ነው እሷ ናት ስትለኝ ያመንኩህ።"

አባቷ ጋቢናው ላይ ወጥተው ሻንጣውን በገዛ እጃቸው አወረዱት። እኔም ቻው እንኳ ሳልል ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ነው እንባዬ የመጣው።

እማዬ ስነግራት በጣም ተናደደች፤ ከፎጣና ከሻምፑ በቀር ለቀናት አላነጋገረችኝም። ኋላ ግን በሥራ መሐል፣ ማበጠሪያውን እንደያዘች፣ ለደንበኞቿ ራሷ እውነቱን ነገረቻቸው። ለእህትሽ ግን አንቺው ጻፊላት አለችኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ሚጢጢ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ አባቷ ጉዞ ከሌላቸው ራሳቸው ያደርሷታል። ረጅሙ ፈርቷል መሰለኝ፣ ከሩቅ ሰላም ብሏት ነው የሚያልፈው። ዳኛ ፊት ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ስሟን አላወጣሁባትም፤ ሚጢጢ ግን ገብቷታል። አንዳንዴ ታሳዝነኛለች፤ ወዲያው ደግሞ እናደድባታለሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ትናንት ሚጢጢ ከእናቷ ጋር ፀጉር ልትሠራ መጣች። እማዬ ሆን ብላ ይሁን ሥራ በዝቶባት፣ አንቺ እጠቢያት ብላ ወደ እኔ ላከቻት። አንገቷን ገንዳው ላይ ደገፍ አድርጋ አይኗን ጨፈነች። ውሃው አቃጠለሽ ወይ ስላት "ደህና ነው" አለችኝ። እኔም ቀስ ብዬ፣ ረጅም ሰዓት አጠብኳት።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ። ያቺን ጠጉራም ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ። እማዬ የእግዜር ሰላምታ ልካልሻለች፤ ወገብሽን ብርድ እንዳታስመቺው ትልሻለች። አጎታችን ሰላም ብሎሻል፤ ፎቶ አትልክም እያለ ያማሻል። ሚጢጢም ሰላም ብላሻለች ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ገና አላለችም።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከፀጉር ቤቱ በላይ ካለችው ክፍላችን
እሁድ ከሰዓት በኋላ