የፊት ወንበር ስጡት

ውድ ቀይ እስክሪብቶ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በዚህ ስም ስጠራህ ድፍረቴ ይግረምህ። በሌላ ልጀምር ሞክሬ ነበር፤ "ውድ ወንድሜ" ብዬ ቀደድኩት፣ "ለተከበርከው" ብዬ ራሴው ሳቅኩበት። እዚህ ድረስ ለመጻፍ አራት ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ መስኮት ልከፍት፣ አንዴ ልዘጋ፣ ሁለቱን ጊዜ እንዲያው በከንቱ። እንደምታውቀኝ ነኝ፤ አርፌ መቀመጥ አልችልም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሠፈራችን የቴአትር ቡድን አዲስ ኮሜዲ አሳየ። ቡድን ስልህ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሒሳብ አስተማሪውና ጎማ ጠጋኙ ናቸው። የመድረክ ልብሳቸውን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ሥራዬን ልየው ብዬ ሄድኩ። ታሪኩ አንድ ክፍል ስለተከራዩ ሁለት ወንደላጤዎች ነው። አስተማሪው ካልሲውን ሳይቀር የሚተኩስ፣ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ድስት ጥዶ ገበያ የሚሄድ። ገና ከመጀመሩ አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

እኔም ተኳርፈው እስኪዘጋጉ ድረስ ስቄአለሁ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ አንድ ቅጠል ገነጠለና ጀርባዋ ላይ ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጠፋት። አስተማሪው መጣ፣ አነበበ፣ ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ስሕተቱን አረመና መልሶ ለጠፋት። ሰው በሳቅ ሲንከተከት እኔ ደርቄ ቀረሁ። ይህን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን። አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ማተሚያ ቤት ስታርም መዋልህ አልበቃ ብሎህ የኩርፊያ ወረቀቴን ታርም ነበር፤ እኔም ላናድድህ ሆን ብዬ ስሕተት እጨምርበት ነበር። ደንብም ነበረን፦ ስንኳረፍ አፍ አይከፈትም፣ ጥፋተኛው መጀመሪያ ይጽፋል።

መድረክ ላይ ያለው ዝርክርክ ሰውዬ አንድ ቃል አለችው። ቁልፉ ሲጠፋ "ረሳሁት" ይላል፤ ድስቱ ሲያር "ረሳሁት" ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ሕዝቡ አብሮት ማለት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እንባቸውን እየጠረጉ፣ እንዲህ ያለውን ሰው መቆጣት እንደማይቻል፣ ተንኮል የሚባል እንደሌለበት ነገሩኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል በረኛው የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ተመልሼ ገባሁ፤ ወንበር ቀየርኩ፤ አሁንም ቀየርኩ።

መጨረሻው ላይ ያልደረሰው መልእክት ታሪክ መጣ። አባትህን በእጮኛ ቀይረሃቸዋል። የአስተማሪው እጮኛ መናኸሪያ ደርሳ ትጠብቃለች፣ ዝርክርኩ መልእክቷን ተቀብሎ ሳይነግረው ይቀራል፣ ልጅቷም ተናዳ በመጣችበት ትመለሳለች። አስተማሪው ሊጮህበት ይነሣና ይተወዋል። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "ሰው ይረሳል፤ ምን ታደርገዋለህ" ይለዋል። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከአባትህ ቀብር ተመልሰህ ልብስህን ስትሸክፍ ያልከኝ ቃል በቃል ይኸው ነበር። እጄ ለማጨብጨብ እምቢ አለኝ።

ሲያልቅ ፀጉር አስተካካዩን ድርሰቱ የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። ሌላ ከተማ ያለ አንድ አራሚ በፖስታ እንደላከላቸው ነገረኝ።

"'ብትን' የምለው ጓደኛ እናንተ ሠፈር ነበረኝ፤ ካገኛችሁት የፊት ወንበር ስጡት ብሎናል" አለኝ። "ታውቀዋለህ እንዴ?"

"አላውቀውም" አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ገና ሱቁን ሳይከፍት ደጁ ላይ ጠብቄ ብትን እኔ መሆኔን ነገርኩትና አድራሻህን ወሰድኩ።

አሁን ስማኝ። እኔ አልረሳሁም።

አባትህ ባረፉበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እህትህ ልብስ ስፌት ቤቱ ስልክ ላይ ደወለች። አባታችሁ እንደጠናባቸው፣ ስምህን እየጠሩ እንደሆነ፣ ዛሬውኑ እንድትነሣ ነገረችኝ። ወዲያው ቤት ሄጄ ቅጠል ገንጥዬ ጻፍኩት። መስታወቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እሑድ ዕለት ወለል ላይ የጣልኩት መርፌ እግርህን ወግቶህ፣ አንተም በንዴት ለደንበኛ የቆረጥኩትን የሱሪ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህብኝ ተኳርፈን ነበር። መጀመሪያ ከለጠፍኩ ጥፋተኛው እኔ ልሆን ነው። "ማታ ሲገባ እሱ ይጽፍ ይሆናል፣ ያኔ እሰጠዋለሁ" አልኩና ወረቀቷን ኪሴ ከተትኳት። አልጻፍክም። ረቡዕም አልጻፍክም። ሐሙስ እህትህ እያለቀሰች ማረፋቸውን ልትነግረኝ ስትደውል ማተሚያ ቤት ድረስ ሮጬ፣ ከትናንት ወዲያ ደውላ እንደነበረና እንደረሳሁት ነገርኩህ። አንተም አመንከኝ። የማክሰኞው የስምንት ሰዓት አውቶብስ በሕይወት ሳሉ ያደርስህ ነበር።

ያችን ወረቀት መጣል አልቻልኩም። የኮቴ ገበር ውስጥ ሰፍቻት ስድስት ዓመት ለብሻታለሁ። ዛሬ ስፌቱን ፈትቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ቀኑም ሰዓቱም በእጄ ጽሑፍ አለበት። ቴአትሩን ከፈለግህ ለውጠው፤ ሰዉ ያን ሰውዬ መውደዱን ይተው። መልስ ባትጽፍ እንኳ ይህን ደብዳቤ በቀይ አርመህ ብትመልስልኝ፣ እጅህ እንደነካው አውቃለሁ።

ደንባችንን የሻረው የለም። ጥፋተኛው መጀመሪያ ይጽፋል። ዘገየሁ እንጂ፣ ይኸው ጽፌአለሁ።

ብትን