በሌለ ዓመት ስለፈረሰው ግድባችን

የዘላለማዊ ፀጥታ ዘመን፣ አንደኛ ዓመት፣ ሦስተኛ ወር፣ አራተኛ ቀን። የሊዩቱን መንደር የወንዝ ግድብ በሁለት ቦታ ፈርሷል።

ለሰማይ ልጅ፣ ለግርማዊ ንጉሠ ነገሥታችን። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እንቅልፍዎስ? እኛ በግርማዊነትዎ ጥላ ሥር፣ ውሃው ጉልበታችን ከመድረሱ በቀር፣ ደህና ነን።

እኔ የሊዩቱን መንደር ሹም ጉዎ ሸን ነኝ። ይህን በቤተ መንግሥትዎ አደባባይ በር ላይ የምለጥፈው በደንቡ ያስገባሁት አቤቱታ ስለተመለሰብኝ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉልኝ።

አንደኛ፤ በስድስት ዓመትዎ ሲነግሡ አያትዎ ከመጋረጃ ጀርባ ይናገሩ፣ እርስዎም ራስዎን ይነቀንቁ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ዋና አማካሪዎ ፋን መጋረጃውን አስነሥተው ከፊት ሆነው ይናገሩ ጀመር። እርስዎ ግን ሥራዎን ሳያቋርጡ ሃያ ስምንት ዓመት ነቅንቀዋል። ስለዚህ ጽናት እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ በድርቁ ጊዜ እህል ብንለምን ለዓመቱ አዲስ ስም ሰጡንና “የተትረፈረፈ አዝመራ” ተባለ። የሰሜን ፈረሰኞች ሦስት ከተማ ሲወስዱ ደግሞ “ታላቅ ድል” አሉት። በአራት ዓመት አራት ስም ሆነ። የአባቴን መቃብር ድንጋይ ላስቀርጽ ብሄድ ጠራቢው፣ “አያ ጉዎ፣ የዓመቱ ስም ሳይረጋ አታድክመኝ፤ በዚህ ወር ብቻ የሦስት ሰው ድንጋይ ቀርጬ ሦስቱንም ፍቄያለሁ” አለኝ። አባቴ እስከ ዛሬ የሞቱበት ዓመት የላቸውም።

ሦስተኛ፤ ባለፈው መኸር ስልሳ ሁለት ጎልማሶቻችን ለአትክልት ስፍራዎ ሐይቅ እንዲቆፍሩ ተወሰዱ። ውሃ እንደቸገርዎ ቢነግሩን እኛው እንልክልዎ ነበር። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ግድቡ ፈረሰ። ሰዎቹ እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልደረሱ ዋናው ሙላት ይመጣል፤ መቶ አርባ ቤት ከነሰዉ ይሄዳል። ልጃቸው የተወሰደባቸው እማማ ቺያዎ በሰባ ዓመታቸው አፈር በቅርጫት ይሸከማሉ። “ንጉሡን ስታገኘው መጥቶ አንድ ቅርጫት እንዲያግዘኝ ንገርልኝ” ብለውኛል። መልእክቱን አድርሻለሁ።

የግድቡን ነገር በደንቡ በአቤቱታ ጽፌ፣ ዘጠኝ ቀን በእግሬ ተጉዤ ለጸሐፊዎ ሰጠሁ። ቀኑን ብቻ አነበበ።

“በታላቅ ድል ዘመን ትላለህ። እሱ ከትናንት ወዲያ ተሽሯል እኮ።”

“መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ጌታዬ።”

“የት እንደነበርክ መች ጠየቅኩህ? በሌለ ዓመት የፈረሰ ግድብ እንዴት አድርጌ ልመዝግብ?”

አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ሳቀ። “ሂድና በአዲሱ ዓመት እንደገና ይፍረስልህ።”

ከዚያም መንደራችን ስለ አዲሱ የዓመት ስም ምስጋና የምታቀርብበትን ጥቅል ወረቀት ሰጡኝና ማኅተም ለማስመታት እንድሰለፍ አዘዙኝ። ሰልፉ ላይ ቆሜ የጻፍኩት ይህ ደብዳቤ በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ፊቱን ማንበብ አያስፈልግዎትም፤ የጻፉት የእርስዎ ሰዎች ናቸው።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ እያልኩ፣ ግንባሬ መሬት እስኪነካ እጅ የምነሣ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የማልታዘዝዎ ትሑት አገልጋይዎ፣
ጉዎ ሸን

ማሳሰቢያ፦ ሐይቁ የሚቆፈረው ከምሥራቁ በር ውጭ መሆኑን ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ስልሳ ሁለቱንም በስም ስለማውቃቸው ጠርቼ እወስዳቸዋለሁ። ዘበኞቹ በማን ትእዛዝ ቢሉኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም። የእኛን አካፋ ጎርፉ ስለወሰደው የእርስዎን ይዘን እንሄዳለን፤ ጉድጓዱ እንዳለ ይቆይዎታል። ጸሐፊው ማኅተሙን አንሥቶ ስሜን እየጠራ ነው። እኔ ወጣሁ።